ጥያቄና መልስ፦ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች የቦይ ጥምዝና የአረር ምርጫ

ጥያቄ፦ በርሜሉ ላይ «1 በ48» የሚል ተጽፏል። ምን ማለት ነው? የሚስማማውስ ለድቡልቡል አረር ነው ወይስ ለሞላላ?

መልስ፦ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ የተቀረጹትን ጠመዝማዛ ቦዮች ተከትሎ አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረው 48 ኢንች ሲጓዝ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ከባድ አረር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል ሲባል ደጋግመን እንሰማለን፤ ወሳኙ ግን ክብደቱ ሳይሆን ከውፍረቱ አንጻር ያለው ርዝመት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው ቀመር ይህንኑ ያሳያል፦ የአረሩን ውፍረት በራሱ፣ ከዚያም በ150 አባዝተው ለርዝመቱ ያካፍሉት። ውፍረቱ 0.5፣ ርዝመቱ 1 ኢንች ለሆነ የእርሳስ አረር ውጤቱ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዙር የሚዞርበት ርዝመት፣ 37.5 ኢንች ነው፤ ርዝመቱም ውፍረቱም 0.5 ኢንች ለሆነው ድቡልቡል ግን 75 ኢንች ይበቃዋል። 1 በ48 እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለ አስታራቂ ሲሆን፣ ድቡልቡሉንም አጠር ያለውን ሞላላም ያስተናግዳል። እኔ ግን ለአንዱ ብቻ ተብሎ የተሠራ በርሜል እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ድቡልቡል አረር በፈጣን ጥምዝ ቢተኮስስ?

መልስ፦ ባሩዱ አነስተኛ ከሆነ ደህና ይመታል። ባሩዱ ሲበዛ ግን አረሩን ከቦዮቹ ጋር የሚያያይዘው የተጠቀለለበት ቅባት የነካ ጨርቅ ብቻ በመሆኑ፣ ጨርቁ ሊቀደድና አረሩ ቦዩን ሳይከተል ሊንሸራተት ይችላል። ለድቡልቡል አረር የሚሠሩ በርሜሎች ቦያቸው ጠለቅ፣ ጥምዛቸውም እንደ 1 በ66 ዘገም የሚለው ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1853ቱ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ ኤንፊልድ ጥምዙ 1 በ78 ሆኖ ሳለ ሞላላ አረር እንዴት ይተኩስ ነበር?

መልስ፦ አረሩ የሚኒዬ ዓይነት ነበር፤ ኋላው ባዶ ስለሆነ ባሩዱ ሲቀጣጠል ጠርዙ ይሰፋና ቦዮቹን ይይዛል፣ ክብደቱም ወደ ፊት ያደላል። ያም ሆኖ እንግሊዞች ራሳቸው በ1858ቱ የባሕር ኃይል ጠመንጃ ጥምዙን ወደ 1 በ48 አፍጥነውታል። ባለ ስድስት ጎን በርሜሉ የዊትወርዝ ጠመንጃ ደግሞ ቀጭንና ረጅም አረር በ1 በ20 እያሽከረከረ፣ በረጅም ርቀት ኤንፊልድን በግልጽ በልጦታል።

ጥያቄ፦ ጥምዙ ያልተጻፈበትን በርሜል እንዴት ልለካው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጠመንጃው አለመጉረሱን ያረጋግጡ። እጀታው ውስጥ እንደ ልቡ በሚዞር የማጽጃ ዘንግ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገው ጥቂት ያስገቡ፤ ዘንጉን በአፈሙዙ ትክክል ምልክት ያድርጉበትና ግማሽ ዙር እስኪዞር ይግፉት። የገባው ርዝመት በ2 ሲባዛ ጥምዙን ይሰጥዎታል። ጨርቁ ከላላ ዘንጉ ሳይዞር ስለሚንሸራተት ልኩን ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይበጃል።