ገራፊው በቡና ከረጢት ላይ

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ታፔላ መጻፍ ስጀምር መሣሪያዬ ብሩሽ፣ ቀለምና ክር ነበር። እናንተ በኮምፒውተር በአንድ ሰዓት የምትጨርሱትን እኔ ሦስት ቀን ጎንበስ ብዬ እደክምበት ነበር። በዚህ አልቀናባችሁም፤ ወገቤ ይመስክር። ነገር ግን «ሐሳቡን ከየት አመጣችሁት?» ስላችሁ ሁላችሁም ስልካችሁን ታወጣላችሁ። እዚህ ላይ ነው የምከፋው።

ስሕተቴን ልንገራችሁ። አንድ የዘጌ ቡና ነጋዴ ለከረጢቱ ንድፍ አዘዘኝ። ጣናን በጀልባ ተሻግሬ ዘጌ ካለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገባሁ። የመቅደሱን ግድግዳ ከሞሉት ሥዕሎች መካከል አንዱ ሰው ዓይኔን ያዘው፤ በጎን የተሳለ፣ አፍንጫው የሾለ፣ ክንዱን ያነሣ። ለአርማ የተፈጠረ መሰለኝ። ቀዳሁት፣ አሳመርሁት፣ ታተመ። ነጋዴውም ወደደው። ከረጢቱን ያዩ አንድ መሪጌታ ግን ሳቃቸው መጣ፦ «ምነው ልጄ፣ ገራፊውን ቡና ሻጭ አደረግኸው?»

በእኛ አሣሣል ደጋጎቹ በሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ይመለከታሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ ማንንም ሳትጠይቁ ትለዩታላችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ይህን ያነብብ ነበር። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬ ሳላነብበው ቀረሁ! የማሳተሚያውን ወጪ ግማሽ ከኪሴ ከፈልሁ።

ከዚያ ወዲህ የብራና መጻሕፍትንም በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም። ታዲያ ርእሱ በምን ይለይ? ጸሐፊዎቹ በቀይ ቀለም ለዩት፤ መክፈቻውና የቅዱሳን ስም በቀይ፣ የቀረው በጥቁር። ሁለት ቀለም በቃቸው። አስቀድመውም ቆዳውን በወስፌ እየወጉ መስመሩን ያለ ቀለም ያሰምሩ ነበር፤ ገጹን ወደ ብርሃን ብታዘነብሉት ጭረቱ ይታያል። ኅዳጉንም ሰፊ አድርገው ይተዉታል።

የእናንተ ፖስተር ላይ ግን አራት ዓይነት ፊደል፣ አምስት ቀለም፣ ጠርዝ የነካ ስልክ ቁጥር! ለላቲን የተለካውን የመስመር ርቀት እንዳለ ስለምትወስዱትም አማርኛው ይታፈናል። የእኛ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ ነውና መስመሩን ይሞሉታል፤ ከላይና ከታች ትንፋሽ ስጧቸው።

የጥንቱን ቀድታችሁ ለጥፉ ማለቴ አይደለም። የምግብ ዝርዝር ዙሪያ ሐረግ፣ ያንን የብራና መጻሕፍት የተጠላለፈ ጌጥ፣ ስለጠመጠሙበት ብቻ ኢትዮጵያዊ ንድፍ አይሆንም፤ እንዲያውም ይህ ልማድ ሰልችቶኛል። የምለው፣ ያ መስመር ለምን እዚያ እንደተሰመረ ጠይቁ ነው። ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። አንድ ሥዕል መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ፊቱ ቁሙ፤ ከዚያ ካህኑን ጠይቁ፣ እኔ ሳልጠይቅ የወጣሁትን።

ከእነዚያ ከረጢቶች አንዱ ዛሬም ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። አዲስ ሥራ በጀመርሁ ቁጥር ገራፊው በአንድ ዓይኑ ያየኛል።