ዳገት ላይ የሚከዳ አውቶማቲክ ካምቢዮ

ከአዳማ አንድ አንባቢ ጽፈውልኛል። «የ1998 ሞዴል አውቶማቲክ ኮሮላ አለችኝ። ከተማ ውስጥ ምንም አትል። ወደ አሰላ ስወጣ ግን ዴራን አልፌ ዳገቱ ሲበረታ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትጎትትም። ቆሜ ካበረድኳት ትነሳለች። ጋራዥ ካምቢዮው ይውረድ አሉኝ። ላስወርደው?»

አይቸኩሉ። ቀዝቅዛ ደህና የሆነች፣ ስትግል የምትከዳ መኪና መጀመሪያ ዘይቷ ነው የሚታየው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ፍሪሲዮኖቹን፣ ማለትም እርስ በርስ ተጣብቀው የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፉትን ሳህኖች፣ ጨምቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ከአዳማ አሰላ ደግሞ ወደ 800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ዳገቱ ዘይቱን ያግለዋል።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተር ጠፍቶ ነው፤ ይሄኛው ግን ሞተር እየሠራ። 20 ደቂቃ ያህል ይንዷትና ሜዳ ቦታ ያቁሟት። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ እግርዎ ፍሬን ላይ ይሁን። ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ቀስ እያሉ ያሳልፉትና ወደ ፒ ይመልሱት። አሁን መለኪያውን አውጥተው ይጥረጉት፣ መልሰው ከተው ያውጡት። «ሆት» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት።

ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉ። ቀይ ሆኖ ከተስፋፋ ጤነኛ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ይቀየር። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ መኪናዋን አያንቀሳቅሷት። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ግን ፍሪሲዮኑ ተበልቷል ማለት ነው። ያኔ ጋራዡ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ ዘይትም አያድናትም።

ዘይት ሲገዙ «የካምቢዮ ዘይት» ብቻ ብለው እንዳይጠይቁ። 90 ቁጥር ይሰጡዎታል፤ እሱ የማንዋል ነው። አንድ ደንበኛዬ በዚህ ጉድ ሆኗል። ለእርስዎ መኪና ዴክስሮን 3 ነው፣ ቀዩ። ሲያስቀይሩ የሚወርደው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ ቀሪው ኮንቨርተር ውስጥ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት በሚያገናኘው ክፍል ውስጥ፣ ይቀራል። ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። በማሽን ገፍተን እናጥበው ካሉዎት ለአሮጌ ካምቢዮ እኔ አልመክርም።

የታችኛው የዘይት መያዣ ሲፈታ እርስዎም እዚያው ይገኙ። ውስጡ ማግኔት አለ። የተለጠፈበት እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ከሆነ አያስጨንቅም። የብረት ስባሪ ካዩ ያስጨንቃል። ፊልትሮውንም ያኔውኑ ያስቀይሩ።

ራዲያተሩንም አይርሱ። የካምቢዮው ዘይት የሚበርደው እዚያው ውስጥ ነው። የአዳማ አቧራ ከፊት ከደፈነው ዘይቱም አብሮ ይግላል። በቀጭን ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ያሳጥቡት።

እስከዚያው አሰላ መውጣት ግድ ከሆነ የማርሹ እጀታ ላይ ያለውን የኦቨርድራይቭ (የመጨረሻው ከፍተኛ ማርሽ) ቁልፍ ያጥፉ። መንሸራተት ስትጀምር ነዳጅ አይጨምሩ፣ ዳር ይዘው ያቁሟት። እያንዳንዷ መንሸራተት ፍሪሲዮን ትበላለች። የኦቨርድራይቭ መብራቷ በራሷ ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ ኮምፒውተሩ ጥፋት መዝግቧል፤ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት ኮዱ ይነበብ።

የሶፍቱን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተው ይላኩልኝ። በአምፖል ብርሃን ቀዩም ቡናማ ይመስላል።