ጌጁ 4 ባር እያሳየ ሶሉ ለምን አይበስልም?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በአንድ የጎማ ጫማ ፋብሪካ የፕሬስ ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ጠዋት ፈረቃ ስገባ የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዙር ሶሎች ተረከዛቸው ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ሲቆረጥም መሀሉ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ ችግሩ ይጠፋል። የእንፋሎቱ ጌጅ ጠዋትም ከሰዓትም 4 ባር ነው። ፎርማኑ በ8 ደቂቃው የመብሰያ ጊዜ ላይ አንድ ጨምር ብሎኝ ብጨምርም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ጌጁ የሚያሳየው ግፊትን እንጂ ሞልዱ (የሶሉ ቅርጽ ማውጫ) ላይ የደረሰውን ሙቀት አይደለም። ማሽኑ ቆሞ ሲያድር ቧንቧውና የፕሬሱ ሳህኖች ውስጥ አየርና የቀዘቀዘ ውሃ ይጠራቀማል። ጠዋት እንፋሎት ሲለቀቅ አየሩ ካልወጣ ግፊቱን ከእንፋሎቱ ጋር ይጋራል። ስለዚህ 4 ባሩ ይሞላል፣ ሙቀቱ ግን ይጎድላል። ንጹሕ እንፋሎት በ4 ባር ደብረ ብርሃን ላይ 150 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። (ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን 152 ይጠጋ ነበር፤ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው።)

አንድ ደቂቃ መጨመር ያልጠቀመውም ለዚህ ነው። በድኝ የሚበስል ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመብሰያ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ150 ዲግሪ 8 ደቂቃ የሚበቃው ሶል ሞልዱ 140 ላይ ከሆነ ወደ 16 ደቂቃ ይፈልጋል። ጎማ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፤ ተረከዙ ደግሞ ወፍራም ነውና መሀሉ መጨረሻ ላይ ይበስላል። ፕሬሱ ሲከፈትና ግፊቱ ሲለቀቅ ያልበሰለው መሀል ውስጥ ያለው እርጥበትና ጋዝ ይነፋዋል። ዓይን ዓይን የሚያወጣው ይኸው ነው።

ጠዋት እንፋሎቱን ቀስ አድርገው ይልቀቁ፤ የማፍሰሻውን ቫልቭ ከፍተው ውሃ መትፋቱ እስኪያቆምና ደረቅ እንፋሎት እስኪወጣ ይጠብቁ። ጓንት አድርገው፣ ፊትዎን ከአፉ አርቀው። የአንዱ ፕሬስ ስቲም ትራፕ (ውሃውን አስወጥቶ እንፋሎቱን የሚያስቀረው መሣሪያ) ሌሎቹ ግለው ሳለ እሱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗልና ለጥገና ያስታውቁ። ከዚያ ባዶውን ሞልድ ፕሬሱ ውስጥ ዘግተው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያሙቁ። ሰዓቱን አይተው ግን ሥራ አይጀምሩ፤ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ተረከዙ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ላይ አስነክተው ወደ 150 ሲጠጋ ይጀምሩ። የመሀሉ ሞልድ ደርሶ የዳር ዳሩ ሊዘገይ ስለሚችል ሁሉንም ይለኩ። ጎማ ሲሞሉም ሞልዱን ከፍተው አያቆዩት፤ በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የለፉበት ሙቀት ቶሎ ያመልጣል።

ሌላው ጥሬ ጎማው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀዝቃዛ መጋዘን ያደረ ጎማ ሞቃት አዳራሽ ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ያዥበታል። ማታውኑ በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ወደ ማሽኑ ክፍል ይግባ፤ ፕላስቲኩ የሚነሳው ጎማው ከሞቀ በኋላ ነው።

ሁሉም ቀዳዳ ግን ካለመብሰል አይመጣም። ሶሉን ተረከዙ ላይ በቢላ ይቁረጡት። ቀዳዳው መሀል ላይ ከሆነና በጥፍር ሲጫኑት ካልተመለሰ ጎማው አልበሰለም። ቀዳዳው ላዩ ላይ ከሆነ፣ ውስጡም ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የታፈነ አየር ነው። ለዚህኛው መፍትሔው ፕሬሱ በተዘጋ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች፣ ጎማው ሳይጠነክር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅቆ መልሶ መጫን ነው። የጥሬው ክብደትም መታየት አለበት፤ ያለቀለት ሶል 300 ግራም ከሆነ ጥሬው ከ310 እስከ 315 ግራም ይሁን። ካነሰ ግፊቱ ሞልዱን ሞልቶ አየሩን አያስወጣም።

ለፎርማኑም ይህን ያስረዱልን፦ ጠዋት የተጨመረ ደቂቃ ከሰዓት ሳይቀነስ ከቀረ ሌላ ጉዳት አለው። የተፈጥሮ ጎማ ከመጠን በላይ ከበሰለ ጥንካሬውን መልሶ ያጣል፤ ሶሉ ፋብሪካ ውስጥ ደህና መስሎ ወጥቶ ገዢው እግር ላይ ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ከደጋ የመጣልኝ ጥቁር ቦት ጫማ ላዩ ነጭ ዱቄት አወጣ። ሻግቶ ይሆን?

መልስ፦ አልሻገተም። ከጎማው ውስጥ ወደ ላይ የወጣ ሰም ወይም ድኝ ነው። በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲጫኑት ቀልጦ ከጠፋ ሰም ነው፤ ጎማው እንዳይሰነጣጠቅ ሆን ተብሎ ስለሚገባ ደጋግመው አይፈትጉት። ካልቀለጠ ድኝ ሳይሆን አይቀርም። ብርድ ያየ ጎማ ትርፍ ድኙን ይተፋል። በጨርቅ ይጠረጋል፤ ተጠርጎ በሳምንት ተመልሶ ከወጣ ግን የጎማው ቅመም ስላልተመጠነ ዕቃውን ላመጣልዎ ነጋዴ ይንገሩት።