ማይኩን ይዛችሁ ሰው ቤት ሂዱ

ሬዲዮ ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ድምፄ ለሬዲዮ ይሆናል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሬዲዮ ላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የድምፅ ጉዳይ ከሁሉም ኋላ ነው የሚመጣው። ለምን እንደምል በአንድ አየርላንዳዊ ላስረዳችሁ።

ኪራን ማክ ማሁና ይባላሉ። በ1925 ሊመሪክ ከተማ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አይሪሽ ቋንቋና ላቲን ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሕዝብ ዘፈኖች ላይ ሠሩ። ትንሽ አስተማሩ። ከዚያ የቦታ ስሞችን የሚያጠና ኮሚሽን ውስጥ ገቡ። የቦታ ስም ከሬዲዮ ጋር ምን አገናኘው? እኔ ትልቁ ስንቃቸው እሱ ይመስለኛል። በአየርላንድ የባህል ሙዚቃ አንድ ዜማ ብቻውን አይቆምም፤ ከየትኛው አካባቢ መጣ፣ ማን ከማን ተማረው የሚለው አብሮት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሙዚቃውን ቢያጫውተውም አያቀርበውም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሬዲዮ ኤረን፣ የአገሪቱ ሬዲዮ፣ ቀጠራቸው። ሥራቸው መቅጃ የተጫነባት መኪና ይዞ ገጠር ለገጠር መዞር ነበር። ያኔ ድምፅ በቦታው ሸክላ ላይ ይቀረጽ ነበር፤ አንዱ ሸክላ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም። እናንተ በስልካችሁ ሦስት ሰዓት ቀድታችሁ ቤት ገብታችሁ ትቆርጣላችሁ። እነሱ ግን መርፌው ከመውረዱ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ማወቅ ነበረባቸው፣ ለዚያ ደግሞ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሰውየውን አጫውቶ፣ የሚወደው ዜማ የትኛው እንደሆነ ከአፉ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ብዙ የቀዱት በምዕራብ፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ ነው። ሚልታውን ማልቤይ ላይ ዊሊ ክላንሲ የሚባል አናጺ ነበር። የሚጫወተው ኢለን ፓይፕስ የሚባለውን መሣሪያ ነው፤ በአፍ አይነፋም፣ በአንዱ ክንድ ወናፍ እየተጫነ አየሩ በሌላው ክንድ ሥር ወዳለው ከረጢት ይገባል። አንድ አናጺ አገር ሙሉ የሚሰማው ሰው የሆነው እንዲህ ባለ ቀረጻ ነው። ዘመኑን አስቡት። በዚያ አሥር ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ሰው አየርላንድን ለቆ ሄዷል። መንደሩ ባዶ እየሆነ፣ ዜማው የድሮ ሰዎች ነገር እየተባለ፣ የጎረቤትህ ቫዮሊን በአገሪቱ ሬዲዮ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለሬዲዮ ሰዎች አይጠፋንም።

ከዚያ በ1970 ማክ ማሁና «ሞ ኽዮል ሁ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። ቃል በቃል «አንተ ዜማዬ ነህ» ነው፤ ለሚወዱትና ለሚያደንቁት ሰው የሚባል ነገር ነው። እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሙዚቃና ግጥም፣ እስከ ኅዳር 2005 ድረስ። 35 ዓመት! ሰውየው አይጮሁም፣ አይጣደፉም። ቀስ ብለው የተጫዋቹን ስምና አገሩን ይናገሩና ቦታውን ለዜማው ይለቃሉ። በ2009 መጨረሻ አረፉ።

እና ልጆች፣ እባካችሁ ዜማ ላይ አታውሩ። ይለቀቅ፣ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሰው ቤት ስትገቡ መቅጃውን ወዲያው አታውጡ። «ከማን ተማርከው?» በሉ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይሽኮረመማል፣ ስለ አስተማሪው ሲጠየቅ ግን ሳያስበው ስለ ራሱም ይነግራችኋል።

ስም ደግሞ ጻፉ። እዚያው፣ በዚያው ቀን። ደብሊን ውስጥ ከ1987 ጀምሮ የአየርላንድ የባህል ሙዚቃ ማኅደር አለ፤ የድሮ ቅጂ ዛሬ ለአንድ ተማሪ የሚጠቅመው ማን፣ የት፣ መቼ እንደተጫወተው የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው።

እኔ ቤት አንድ ካሴት አለ። ወጣት ሳለሁ መስክ ወጥቼ የቀዳሁት ነው። አንዲት እናት እህል እየፈጩ ያንጎራጉራሉ፣ የወፍጮው ድምፅ ከሥር ይሰማል። ልጆቼ ሲሰሙት «እኚህ ማን ናቸው?» ይሉኛል። ስማቸውን ነግረውኝ ነበር። ማታ እጽፈዋለሁ ብዬ ተኛሁ።