አንዲ ካውፍማን ሳይቀልድ እንዴት ያስቅ ነበር?

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው ኮሜዲያን አንዲ ካውፍማን ቀልድ ሳይናገር ያስቅ ነበር ይባላል። እንዴት? ተዋናይስ ነበር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 “ሳተርደይ ናይት ላይቭ” በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም የመጀመሪያ ስርጭት ላይ የካርቱን መዝሙር በሸክላ ማጫወቻ ከፍቶ ተጨንቆ ቆመ። ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው አንዷ ስንኝ ስትመጣ ብቻ ነው፤ ያኔ እጁን እንደ ጀግና ዘርግቶ ወዲያው ወደ ጭንቀቱ ይመለሳል። ሳቁን የሚሠራው በመካከል ያለው ጥበቃ ነው፤ ኮሜዲያኑ ራሱ እዚያ ላይ ፈገግ ካለ ሳቁ አለቀ።

“የባዕድ አገር ሰው” የተባለው ገጸ ባሕርይውም እንዲሁ ነው። በማይረባ ማስመሰል ተመልካቹን ካሳፈረ በኋላ ድንገት ዘፋኙን ኤልቪስ ፕሪስሊን ቁርጥ አድርጎ ያስመስለዋል። መጀመሪያው በደንብ ካልከፋ መጨረሻው አይደምቅም። ይህንኑ ገጸ ባሕርይ ይዞ “ታክሲ” በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ (1978–1983) ላትካ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫወተ። በ1984 በሳንባ ካንሰር ሲሞት 35 ዓመቱ ነበር፤ “ይሄም ቀልዱ ነው” ያሉ አልጠፉም።