ለ9 ዓመት ልጅ የፖይንት ጫማ? ገና ናት

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ የጠየቅሽውን አየሁት። ልጅሽ 9 ዓመቷ ነው፣ ባሌት ከጀመረች ዓመት አልፏታል፣ አክስቷ ደግሞ ከውጭ ያንን በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን የፖይንት ጫማ ልካላታለች። «ቤት ውስጥ እኔ እየያዝኳት ብትሞክረውስ?» ነው ያልሽው። አትሞክረው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

እዚህ ደሴ ልጆች ባሌት አስተምራለሁ፣ ከናንተ በኩል በሚኒባስ የሚመጡም አሉኝ። ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዕድሜ ነው። ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፣ ያለሱም አይሆንም። የልጅ እግር አጥንት እስከ አስራዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እያደገ ነው። ስለዚህ ብዙ አስተማሪ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት አያስጀምርም። የዳንስ ሕክምና ባለሙያዎች ደግሞ በሳምንት 2 ቀን የምትሰለጥን ልጅ በ4ኛ ዓመት ሥልጠናዋ ትጀምር ይላሉ፣ ያውም አቅሟ ከተሟላ። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትመጣ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል ባዮች ናቸው።

አቅሟን እንዴት አያለሁ? በባዶ እግሯ፣ በአንድ እግር ቆማ ተረከዟን ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ጉልበቷ ሳይታጠፍ፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ጎን ሳይሸሽ 20 ያህል እንድትደርስ እፈልጋለሁ። ሦስተኛው ላይ ግድግዳ የምትፈልግ ልጅ መልሱን ራሷ ነገረችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ እግሯን ትዘረጋና ጣቶቿን ትወጥራለች። ከቅልጥሟ እስከ እግሯ ጀርባ እርሳስ አጋድማለሁ። ቀጥ ብሎ ካልተኛ ቁርጭምጭሚቷ በደንብ አልተዘረጋም ማለት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ጫፍ ላይ ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይቀርና ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ሰብራ ነው የምትቆመው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ነው። ጣቶቿን ስትወጥር እግሯ እንደ ቀስት የሚጎብጥላት ልጅ አለች። ፎቶ ላይ ያምራል። እናቶችም አይተው «ይቺማ ተፈጥሮዋ ነው» ይላሉ። እኔ ከሁሉ የማቆየው እሷን ነው። መገጣጠሚያዋ ላላ ስለሚል ጫፉን አልፋ ወደ ፊት ትደፋለች፣ የሚይዛት ጡንቻ ካልዳበረ ደግሞ ጅማቷ ይጎዳል። እንዲህ ያለች ተማሪዬን ጓደኞቿ ጀምረው እሷን አስቆይቻት አኩርፋኝ ነበር። ታኩርፍ።

ሰው ጫማው የሚያነሳ ይመስለዋል። ጫፉ በሙጫ የደረቀ የጨርቅና የወረቀት ድርብርብ ነው፣ ከስር ጠንካራ ሶል አለው። ይደግፋል እንጂ አያነሳም። ታዋቂዋ የባሌት ደናሽ ማሪ ታልዮኒ በ1832 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በጣት ጫፏ ስትደንስ ጫማዋ ይህ ደረቅ ጫፍ አልነበረውም፣ በክር የተጠናከረ የሳቲን ጫማ ነው። የያዛት የእግሯ ጥንካሬ ነበር። አንቺ ልጅሽን ስትይዣት ክብደቷን ስለምትጋሪያት የጎደላትን ጥንካሬ አታይውም። የሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ።

ይሄ ጫማ በቁጥር ታዝዞ የሚላክ ነገርም አይደለም። ልጅቷ ቆማበት፣ የጣቶቿ ርዝመትና የእግሯ ስፋት ታይቶ ነው የሚመረጠው። የኛ ሰው «ታድግበታለች» ብሎ ሰፋ ያለ ይገዛል። ለትምህርት ቤት ጫማ ይሁን። በፖይንት ግን እግሯ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ክብደቱ ሁሉ አውራ ጣቷ ላይ ያርፋል። ለ12 ዓመቷ ላስቀምጥላት ብትይም ያኔ ልኳ ሌላ ነው። ግድግዳ ላይ ስቀዪላት፣ ደስ ይላታል።

አክስቷ ሌላ መላክ ከፈለገች ለስላሳውን የባሌት ጫማ ትላክ። ወረቀት ላይ አቁመሽ ሁለቱንም እግሯን በእስክሪብቶ ክበቢና በሴንቲ ሜትር ለክተሽ ላኪላት። አንዱ እግር ካነሰ በትልቁ ይሁን፣ ከዚያ በላይ ግን አትጨምሪ።