ከድሬ ሥልጠና በኋላ ከጓደኛ ጋር ሐረር፦ ጀጎል ውስጥ እደሩ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለሥልጠና ድሬዳዋ ትሄጃለሽ፣ ሥልጠናው ዓርብ ያልቃል፣ ጓደኛሽም ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ቅዳሜ ሐረርን ደርሶ መልስ አይታችሁ ድሬ ማደር ይሻል እንደሆነ፣ ለሁለት ሴቶችስ ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የድሮው የሐረር ከተማ ውስጥ ማደር ያሰጋ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። እኔንም ሥራዬ ወደዚያ እያመላለሰ ይወስደኛል፤ እንደ አንቺም ሥራዬን ጨርሼ ከአብሮ አደጌ ጋር ሐረርን ዞሬያለሁ። ምክሬ ሂዱ፣ ግን ደርሶ መልስ አታድርጉት ነው። ቅዳሜን ከግንቡ ውስጥ እደሩ።

አስቀድመሽ ግን ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ተነጋገሪ። የመመለሻ ትኬትሽ ዓርብ ማታ ተቆርጦ እንዳይጠብቅሽ ከጅምሩ ለእሁድ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው የቅያሪ ክፍያ አንቺው ላይ ነው የሚወድቀው። የውሎ አበል የሚታሰበው ሥራው እስካለቀበት ቀን ስለሆነ የቅዳሜን ወጪ ከኪስሽ አስቢው፤ ደረሰኙንም ከሥራው ደረሰኝ ጋር አትቀላቅዪው። ላፕቶፑንና ትልቁን ሻንጣ ድሬ ያረፍሽበት ሆቴል አደራ ተዪው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከድሬ ነውና መመለሻሽ በዚያው ነው።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር የሁለታችሁ ድካም እኩል አለመሆኑ ነው። አንቺ ሳምንቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ስላይድ ስታዪ ከርመሽ ትወጫለሽ። እሷ ደግሞ ፈቃድ ወስዳ፣ ለማየት ጓጉታ ነው የምትመጣው። አንዷ መተኛት፣ አንዷ መሮጥ ስትፈልግ ነው ጓደኛሞች መንገድ ላይ የሚኮራረፉት። ስለዚህ ዓርብ ማታ የጉብኝት ዕቅድ አትያዙ። እሷ ሐሙስ ከደረሰች አንቺ ሥልጠና ላይ እያለሽ ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ቀፊራ ገበያን ትይ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ትጎብኝ። ማታ ከዚራ በሚባለው የድሬ ሠፈር ዛፎቹ ሥር በእግር ተንሸራሸሩ፤ ድሬ ሰው የሚወጣው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ሐረርን ግን አንድ ላይ ጀምሩት።

ድሬን አይቶ ወደ ሐረር መውጣት ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስለከበደው ከሥሩ እ.ኤ.አ. በ1902 አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ድሬን ድሬ ያደረጋት ሐዲዱ ነው፤ ሐረር ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የነጋዴና የዑለማ ከተማ ነበረች። ቀጥ ያለውን የከዚራ ጎዳና አይታችሁ በማግስቱ የጀጎል ጠመዝማዛ ውስጥ ስትገቡ ልዩነቱ ያለ አስረጂ ይገባችኋል።

ቅዳሜ በማለዳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዙ። ርቀቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ዳገቱና መታጠፊያው ብዙ ነው፤ ሆዷ የሚታወክባት ካለች ከፊት ትቀመጥ። በደንገጎ ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፣ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። ሐሮማያን፣ ከዚያም የጫት ገበያዋን አወዳይን አልፋችሁ ሐረር ትገባላችሁ። ጉዞው በቀን ይሁን፣ የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታም ድሬ እያላችሁ አጣሩ።

ሐረር እንደደረሳችሁ መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ያዙ፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቀኑን ሙሉ አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አቅጣጫ እንድትይዙ፣ ሰውም እንዲያያችሁ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ የጥንቶቹ በሮች ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችንና የወሊዮች መካነ መቃብርን የመሳሰሉ 102 የተቀደሱ ቦታዎችን ቆጥሯል፤ ይህ ሁሉ 48 ሄክታር ላይ ነው። ከዚህ ውስጥ መካነ መቃብር የሆነውን ከመኖሪያ ቤት መለየት ያለ አስጎብኚ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ከአንድ ሰው ግቢ ጀርባ ያለ ትንሽ አረንጓዴ ጉልላት ነው።

ፈረስ መጋላ አደባባይ ያለው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የከተማውን ታሪክ ባጭሩ ይነግራችኋል። ግብፆች ሐረርን ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሲይዙ ያሠሩት መስጊድ የነበረበት ቦታ ነው፤ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ይህን ታሪክ ሐረሬው በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይነግራችኋል። ሁለቱንም አዳምጡ፣ እዚያ ቆማችሁ ክርክር ግን አትክፈቱ። ከዚያ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ውረዱ፤ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው የሚሰፉበት ነው። ጨርቅ ገዝታችሁ ብትሰጧቸው እናንተ ስትዞሩ ቆይታችሁ ስትመለሱ ይደርስላችኋል።

ከሙዚየሞቹ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አትዝለሉ፤ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸውን ገንዘቦች፣ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችንና ጌጣጌጦችን ታያላችሁ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ፈረንሳዊው ገጣሚ በእርግጥ ኖሮበታል ማለት አይቻልም፤ ባለሥዕሉ ጣሪያና ባለቀለም መስኮቶቹ፣ ከፎቁ የሚታየው ከተማና የድሮዎቹ ፎቶዎች ግን የመግቢያ ክፍያውን አያስቆጩም።

ከምሳ በኋላ ከተማዋ ትቀዘቅዛለች፤ ሱቁም ሰዉም በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ሐረርን በዚህ ሰዓት እያየ «ይህን ያህል ምን አላት?» ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። እናንተ ግን አልጋ ይዛችኋል፤ ግቡና ተኙ። የሳምንቱ ድካምሽ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ጓደኛሽ መተኛት ካልፈለገች ግቢው ውስጥ ከቤቱ ሴቶች ጋር ትቀመጥ፤ ብቻዋን አትሰለችም።

ጅብ ማብላቱን ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ከግንቡ ውጭ ታገኙታላችሁ፤ ቦታውን ከአስጎብኚያችሁ አጣሩ። በባጃጅ ሄዳችሁ ባጃጁን አቆዩት። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርገው ያቀብሏችኋል፤ ደፋሮች እንጨቱን በጥርሳቸው ይይዙታል። አብሮ አደጌ ከባጃጁ አልወርድም አለች፤ እኔም አልገፋኋትም። ከዚያው ሆና ማየቷ በቂ ነበር። ሐረር ጅብ እንደ ባዕድ አይታይም፤ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሌሊት ገብቶ ቆሻሻ ለቃቅሞ ይወጣል። እናንተም መሽቶ ከመንገድ ላይ ብታገኙት ሰዉ እንደሚያደርገው መንገዱን ልቀቁለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ባህላዊ ቤቶች፣ ጌይ ጋር የሚባሉት አሉ። ሆቴል አይደሉም፤ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ውሃም በበርሜል ሊሆን ይችላልና አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ሳሎኑ አምስት መደብ አለው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ አባወራውና የተከበረ እንግዳ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ስለዚህ ጫማችሁን አውልቃችሁ እስኪያስቀምጧችሁ ጠብቁ። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው፤ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ግድግዳው በስፌት የተሞላ ነው፤ እናቶች ለልጆቻቸው ጋብቻ የሰፉት አለበት። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። እኛ ያደርንበት ቤት እናት ጠዋት ቁጢ በወተት አፍልተው አቀረቡልን፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። ጓደኛዬ አስተማሪ ናትና ስለ ስፌቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ እሳቸውም ከግድግዳው እያወረዱ የእያንዳንዱን ስም፣ ለየትኛው ዝግጅት እንደሚወጣ ነገሩን። ቁርሱ እስከ ረፋድ ሄደ። ደርሶ መልስ ብንሄድ ኖሮ ያን ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነበርን።

የደኅንነቱን በተመለከተ ሁለት ሴቶች ሆነን ጀጎል ውስጥ ያደርን ጊዜ ያሰጋን ነገር አልነበረም። ከቤት ወደ ቤት ሰው ይተዋወቃል፤ የማን እንግዳ እንደሆናችሁ እስከ ማታ ሠፈሩ ያውቃል። ያም ሆኖ ከጅቡ ስትመለሱ በእግር ሳይሆን በባጃጅ፣ እስከ በሩ። ትከሻ የሚሸፍን ልብስና ነጠላ ያዙ። ኤረር በር ገበያ ላይ ሴቶችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይፈልጉም፣ እምቢ ካሉም ካሜራውን አስቀምጡት።

እሁድ ረፋዱን ያለ አስጎብኚ ዙሩ፤ በአንዱ በር ግቡና በሌላው ውጡ። መጥፋት አያስፈራችሁም፣ ቁልቁለቱን ከተከተላችሁ ግንቡ ያስቆማችኋል። ቡና ለቤት የምትገዢ ከሆነ ያልተቆላውን ግዢ፤ የባቢሌ ኦቾሎኒም እዚያው አለ። ከሰዓት በረራ ካላችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ከሐረር ውጡ፤ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም፣ አደራ የተውሽውን ሻንጣም ከሆቴሉ መውሰድ አለብሽ።